መጀመሪያ ጠጋኝ፣ ቀጥሎ ሠሪ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ሚላን ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ረጅም ዘመን የኖሩ አክስት ናቸው። ሌላዋ ክሬሞና በሚገኘው የቫዮሊን ሥራ ትምህርት ቤት ተምራ ልትመረቅ የተቃረበች የወንድማቸው ልጅ ናት። ሁለቱንም ያሰናዳኋቸው እኔ ነኝ። ይህን ሙያ እንጀራቸው ሊያደርጉ የሚመኙ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ሳይነገራቸው የሚቀረውን ነገር በእነሱ አፍ መናገር ስለፈለግሁ ነው።

አክስት፦ እስቲ ቁጭ በይና በደንብ አስረጂኝ። ለአንቺ ብዬ ያስቀመጥኳት ጥቂት ገንዘብ አለች። ስትመረቂ ክሬሞና ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተሽ፣ ስምሽን በሩ ላይ ጽፈሽ፣ ቫዮሊንሽን እየሠራሽ ትሸጫለሽ ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ የሰው ቤት ልቀጠር ነው ትይኛለሽ። ያውም ለመጠገን! ተምሮ ጨርሶ እንደገና የሰው ረዳት መሆን ምን የሚሉት ነገር ነው?

ልጅት፦ እትዬ፣ ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ገንዘቡ ይቆይ፣ አንድ ቀን እለምንዎታለሁ። አሁን ሱቅ ብከፍት ግን ኪራዩ ይበላኛል። ትምህርት ቤቱ ቫዮሊን መሥራት አስተምሮኛል። ቫዮሊን ሠርቶ መኖር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን የምማረው ጥገና ቤት ነው።

አክስት፦ የሠራ ሰው ይሸጣል፣ የሸጠ ይኖራል። ምኑ ነው የከበደው?

ልጅት፦ እንግዲያው ሒሳቡን አብረን እንየው። ዩኔስኮ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የክሬሞናን ሙያ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ አንድ ሠሪ በዓመት ከ3 እስከ 6 መሣሪያ እንደሚሠራ፣ በእያንዳንዱም ውስጥ ከ70 በላይ የእንጨት ክፍሎች በእጅ እንደሚገጣጠሙ ጽፏል። ይህ የሠለጠነ እጅ ነው። ለአንዱ ቫዮሊን ከ200 ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ቫርኒሹ የሚደርቅበትን ጊዜ ሳንቆጥር። እኔ በመጀመሪያው ዓመት 3 ብጨርስ ተመስገን ነው። እነዚያን 3 ለማን ልሽጥ?

አክስት፦ ለሚጫወት ነዋ።

ልጅት፦ የሚጫወተው ሰው አያውቀኝም። ስሙ የታወቀ ሠሪ ዘንድ ሙዚቀኛው ዓመታት ወረፋ ይጠብቃል። የእኔን ቫዮሊን ግን ለነጋዴ መስጠት ሊኖርብኝ ነው። ነጋዴው ድርሻውን ይቆርጣል፤ አንዳንዱም እስኪሸጥለት ድረስ ምንም አይከፍልም። ከታች በኩል ደግሞ የፋብሪካው ዕቃ አለ። እዚሁ ሚላን ውስጥ አንድ ጀማሪ ተማሪ ከቻይና የመጣ ቫዮሊን ከነደጋኑ ከነሳጥኑ ከ200 ዩሮ ባነሰ ይገዛል። በዚያ ዋጋ እኔ እንጨቱን እንኳ አልገዛበትም።

አክስት፦ ከእንጨት ለሚሠራ አንድ ሳጥን 200 ሰዓት! ምኑ ላይ ነው የሚያልቀው?

ልጅት፦ ከደረቱ፣ ከፊት ጣውላው ልጀምርልዎት። እንጨቱ ስፕሩስ ነው፣ ከጥድ የሚዛመድ። ከፍ ያለ ተራራ ላይ ቀስ ብሎ ያደገ መሆን አለበት፤ የዕድገት ቀለበቶቹ ጠባብና እኩል እንዲሆኑ። በሰሜን ጣሊያን ፓኔቬጆ የሚባል ደን አለ፤ ሰዉ የቫዮሊኖች ደን ይለዋል። በጥቅምት 2018 ቫያ የተባለው ማዕበል በዚያ አካባቢ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን በአንድ ሌሊት ጣለ። የወደቀውን ለማዳን የተደረገውን ርብርብ ያስታውሳሉ?

አክስት፦ በዜና አይቼዋለሁ። ተራራው ሁሉ የተላጨ ይመስል ነበር።

ልጅት፦ እንጨቱ ተፈልጦ ለዓመታት በጥላ ይደርቃል። ከዚያ እንደ ክንፍ ሁለት ሆኖ ይሰነጠቅና መሐል ላይ ይገጠማል። ግጥሙን ብርሃን ላይ ይዘው ሲያዩት ጭላንጭል ካሳየ እንደገና ይላጋል። ቀጥሎ ጉብታው ነው። ብዙ ሰው እንጨቱ ተለምጦ የጎበጠ ይመስለዋል፤ ከወፍራም ጣውላ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ በጎድጓዳ መሮ፣ ቀጥሎ አውራ ጣት በሚያህሉ ትንንሽ መላጊያዎች፣ በመጨረሻም በስስ የብረት መፋቂያ። ሲያልቅ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጀርባው ከሜፕል ይሠራል፤ መሐሉ ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር ከፍ ይልና ወደ ዳር ሲሄድ እየሳሳ ይሄዳል። ጎኖቹ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆኑ በጋለ ብረት ላይ እያረጠቡ ማጠፍ ነው። ጣት የሚያርፍበት ጥቁሩ ጣውላ ዞጲ ነው። ይህ ሁሉ ተገጣጥሞ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። የአራቱ ክሮች ውጥረት ደግሞ ከ20 ኪሎ ይበልጣል። ያንን ጭነት የሚሸከመው 3 ሚሊ ሜትር ደረት ነው፤ ውስጡ በርዝመቱ በተለጠፈ አንድ እንጨትና ደረቱንና ጀርባውን ደግፋ በቆመች አንዲት ቀጭን በትር ታግዞ።

አክስት፦ ይህን ሁሉ ካወቅሽ ታዲያ ምን ቀረሽ? የዚያ የድሮ ቫዮሊን ሠሪ የስትራዲቫሪ ምስጢር ነው? በቴሌቪዥን ሲያወሩ እሰማለሁ፤ አንዱ ቫርኒሹ ነው ይላል፣ ሌላው እንጨቱን የነከረበት ውሃ ነው ይላል።

ልጅት፦ ይህ የምስጢር ወሬ ሙያውን ክፉኛ ጎድቶታል፤ ከልቤ ነው የምልዎት። አንድ ወጣት ምስጢሩ ጠፍቷል ብሎ ካመነ ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ዕድሜውን ቫርኒሽ ሲያፈላ ይጨርሳል። ስትራዲቫሪ በ1644 አካባቢ ተወልዶ በ1737 ነው የሞተው። ከ90 ዓመት በላይ ኖሮ እስከ መጨረሻው ከሥራ ጠረጴዛው አልተለየም። ከሠራቸው ውስጥ 650 ያህሉ ዛሬም አሉ። ቫዮሊኑን ያዋቀረባቸው የእንጨት ቅርጾችና ንድፎቹ እዚያው ክሬሞና ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቲኬት የገዛ ሁሉ ያያቸዋል።

አክስት፦ ድምፁስ? ያን የመሰለ ድምፅ የዛሬ ሰው አያወጣም ይባል የለ።

ልጅት፦ እሱም ተፈትኗል። በ2012 ፓሪስ ውስጥ ክላውዲያ ፍሪትዝ የተባለች ተመራማሪና ጆሴፍ ከርቲን የተባለ በአሜሪካ የሚሠራ ቫዮሊን ሠሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር 12 ቫዮሊኖች ሰበሰቡ። 6ቱ አዲስ፣ 6ቱ ደግሞ የስትራዲቫሪ ሥራዎች ያሉባቸው የድሮ የጣሊያን ቫዮሊኖች ነበሩ። በዓለም መድረክ የሚጫወቱ 10 ሶሎ ተጫዋቾች ጥቁር መነጽር አድርገው በልምምድ ክፍልም በኮንሰርት አዳራሽም ሞከሯቸው። በራሳቸው ቫዮሊን ምትክ ቢሰጣቸው የትኛውን እንደሚወስዱ ሲጠየቁ 6ቱ አዲስ መረጡ። የትኛው አዲስ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ገምቱ ሲባሉም ግምታቸው ሳንቲም ወርውሮ ከመለየት አልተሻለም።

አክስት፦ ታዲያ ለምን በሚሊዮን ይሸጣል?

ልጅት፦ ታሪክ ስለሆነና ብርቅ ስለሆነ። በ2011 ሌዲ ብላንት የምትባለው የስትራዲቫሪ ቫዮሊን 15.9 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች፤ ገንዘቡም በጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱት ሄደ። ያ የቅርስ ዋጋ ነው። እኔ ስለ አሮጌዎቹ ልነግርዎት የምፈልገው ግን ሌላ ነው፤ ለመቀጠር የወሰንኩበት ምክንያትም እሱ ነው። ዛሬ መድረክ ላይ ከሚሰሙት የስትራዲቫሪ ቫዮሊኖች ስትራዲቫሪ እንደተዋቸው የቀሩ የሉም ለማለት ይቻላል። አዳራሾች እየሰፉ፣ የሙዚቃው ቅኝት ከፍ እያለ ሲሄድ አንገታቸው ረዝሞና ዘንበል ብሎ እንደገና ተገጥሟል። ከደረታቸው ውስጥ ያለው እንጨት ወጥቶ በትልቅ ተተክቷል። ተሰንጥቀው ተጠግነዋል፣ ተከፍተው ተዘግተዋል። የምንሰማው ድምፅ የእሱና ስማቸውን የማናውቃቸው የብዙ ጠጋኞች ነው። እነዚያ ሰዎች ባይኖሩ 650ው ቀርቶ 50 አይተርፍም ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

አክስት፦ እሺ፣ ጠጋኝ ይከበር። ግን መጠገን ያው መጠገን ነው። አንቺ ለመሥራት ነው የመጣሽው።

ልጅት፦ መሥራትን የማውቀው በመጠገን ነው እኮ። ትምህርት ቤት ውስጥ የማየው የራሴንና የጓደኞቼን አዲስ ቫዮሊን ነው። የሠራሁት ከ50 ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን አላይም። ጥገና ቤት ውስጥ ግን በየቀኑ የ100 እና የ200 ዓመት ቫዮሊን ደረቱ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥልዎታል። የቱ ጋ እንደሳሳ፣ የቱ ጋ እንደሰመጠ፣ የትኛው ሠሪ ብልህ እንደነበረ ውስጡን አይተው ይፈርዳሉ። ሲሞኔ ሳኮኒ የሚባል ሮማዊ ነበር። ኒው ዮርክ ሄዶ ዕድሜውን የድሮ ቫዮሊን ሲያድስ ኖረ። በ1972 ስለ ስትራዲቫሪ አሠራር የጻፈው መጽሐፍ ክሬሞና ውስጥ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። ያን ሁሉ ያወቀው የስትራዲቫሪን ሥራ እየከፈተ ስላደሰ ነው።

አክስት፦ እሱ ያለፈ ሰው ነው። ከዛሬዎቹስ?

ልጅት፦ ብሩክሊን ውስጥ ሳም ዚግሙንቶቪች አለ። ሶልት ሌክ ሲቲ በሚገኘው የቫዮሊን ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ። ሲመረቅ ሱቅ አልከፈተም፤ ኒው ዮርክ ውስጥ ረኔ ሞሬል በሚባል ጠጋኝ ሥር ዓመታት በጥገና ሠራ። በ1985 ነው የራሱን የከፈተው። በኋላ ለታዋቂው ቫዮሊን ተጫዋች ለአይዛክ ስተርን ቫዮሊን ሠራ። ስተርን ከሞተ በኋላ በ2003 ያቺ ቫዮሊን በጨረታ 130 ሺህ ዶላር ተሸጠች፤ በጊዜው በሕይወት ላለ ሠሪ እንዲህ ያለ ዋጋ በጨረታ ተሰጥቶ አያውቅም ነበር። ስተርንን የመሰለ ሰው ወደ እሱ የመጣው የጥገናው ዓመታት ጆሮና እጅ ስለሰጡት ነው ብዬ አምናለሁ።

አክስት፦ ክሬሞና ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ አይደል እንዴ? እነሱም ጠጋኝ ሆነው ነው የጀመሩት?

ልጅት፦ እነሱ የጀመሩት በሰው ጠረጴዛ ነው፤ ያው ነው። በ1630 ወረርሽኝ ከተማዋን ሲያጠፋ ቫዮሊን ሠሪው ኒኮሎ አማቲ አባቱን አጣ፤ ሙያውም በእሱ ትከሻ ላይ ቀረ። ያኔ ከቤተሰቡ ውጭ ያሉ ልጆችን እየተቀበለ ማስተማር ጀመረ። አንድሬያ ጓርኔሪ እሱ ቤት እየኖረ ነው የተማረው። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ከስትራዲቫሪ እኩል ስሙ የሚጠራው ጓርኔሪ ዴል ጄሱ ነው። ነገር ግን ሳይቋረጥ ወረደ የሚባለው እውነት አይደለም። እነስትራዲቫሪ ከሞቱ በኋላ ሙያው በክሬሞና እየደከመ ሄደ። የስትራዲቫሪ ልጅ ዕቃዎቹን ሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ቆይተው ጁዜፔ ፊዮሪኒ የሚባል ሠሪ ገዛቸውና በ1930 ለከተማዋ ሰጠ። የእኔ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1938 ነው። ጀርመኖቹ በሚተንቫልድ ከ1858 ጀምሮ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ጠረጴዛው አንዴ ከተበተነ መልሶ ለማቆም ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ይዩት እንግዲህ።

አክስት፦ አንቺ ራስሽ ወደዚህ ነገር እንዴት እንደገባሽ በደንብ ነግረሽኝ አታውቂም። ቫዮሊን መጫወት ነበር የምትወጂው።

ልጅት፦ አዲስ አበባ እያለሁ የምጫወትባት ቫዮሊን ደረቷ ተሰነጠቀ። የቤት ዕቃ ለሚሠራ አናጺ ሰጠናት። ቅን ሰው ነበር፤ የሚያውቀውን አደረገ። በር የሚገጥሙበትን ነጭ ሙጫ ሞልቶ አጣበቃት። ስንጥቁ ተያዘ፤ ድምፁ ግን ሞተ። ያ ሙጫ እንጨቱን ሳይጎዳ አይለቅም። ቫዮሊን የሚጣበቀው ከእንስሳት ቆዳ በሚሠራ ሙጫ ነው፤ ሞቅ ተደርጎ ይቀባል፣ ሲያስፈልግ ደግሞ በትንሽ ውሃና በስስ ቢላዋ ይከፈታል። አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፤ ያኔ እንጨቱ ከሚሰነጠቅ ግጥሙ ቢላቀቅ ይሻላል። ቫዮሊን ሲሠራ ጀምሮ አንድ ቀን እንደሚከፈት ታስቦ ነው። ይህን ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ለመምጣት ያነሳሳኝ ግን የዚያች ቫዮሊን ነገር ነው።

አክስት፦ እሺ፣ ይግባኝ አልልም። ግን ጥገና ቤት ውስጥ የምትሠሪው በየቀኑ ስንጥቅ መለጠፍ ነው?

ልጅት፦ ስንጥቅማ አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛው ሌላ ነው። ደጋን የፈረስ ጭራው ያልቃል፤ እንደ ማሲንቆው ማለት ነው፣ ከ150 በላይ ፀጉር ተመርጦ፣ ተበጥሮ፣ እኩል ተወጥሮ ይታሰራል። መቃኛው አልዞር ይላል። ክሮቹን የሚሸከመው ድልድይ፣ በበገና በርኩማ የሚሉት፣ ይጣመምና እንደ አዲስ ይቀረጻል። የጥገና ቤት ኪራይ የሚከፈለው በእነዚህ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ማዳመጡ ነው። ሙዚቀኛው ይመጣና ድምፁ ተይዟል ይላል፣ ወይም ሦስተኛው ክር ያኮርፋል ይላል። ስብራት የለም፣ የሚታይ ነገር የለም። ያቺን ውስጥ የቆመችውን በትር ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሲገፏት ጠቅላላው ድምፅ ይለወጣል። ወዴት እንደምትገፋ የሚያውቀው ግን ብዙ ያዳመጠ ሰው ነው።

አክስት፦ ይህንንስ አውቀዋለሁ። የምጠብቃቸው ሴትዮ አሞኛል ይላሉ እንጂ የቱ ጋ እንደሆነ አይናገሩም። መጀመሪያ በመጣሁ ጊዜ ሐኪም እጠራ ነበር። አሁን አነጋገራቸውን ሰምቼ ጀርባቸው ይሁን ልባቸው ወይም ብቸኝነት ብቻ ይሁን እለያለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከሴትዮዋ ጋር ውዬ ያገኘሁት ነው።

ልጅት፦ በቃ፣ እሱ ነው። እኔ ያንን ነው ልማር የምለው። ደግሞ ይህ ሲሆን ሙዚቀኞቹ ያውቁኛል። ቫዮሊኑን ያስተካከልኩለት ሰው አንድ ቀን አዲስ ሲፈልግ እኔ የሠራሁትን ልሞክር ይላል። ማታ ማታና ቅዳሜ የራሴን እሠራለሁ፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቢሆንም ሠሪነቴን አልተውም። የሚቀጥረኝ ሰው በዚህ ተስማምቷል።

አክስት፦ ደመወዙ?

ልጅት፦ ትንሽ ነው። አልዋሽዎትም፣ መጀመሪያ ላይ በጣም ትንሽ ነው። እርስዎ ዘንድ እየኖርኩ በባቡር መመላለስ እንድችል ይፍቀዱልኝ፤ ከሚላን ክሬሞና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የምለምነው ይህንን ነው።

አክስት፦ ዕድሜሽም ይሄዳል እኮ። ሴት ልጅ ደግሞ በዚህ ሙያ ትከበራለች?

ልጅት፦ ካርሊን ሀቺንስ የምትባል አሜሪካዊት የሳይንስ መምህርት ነበረች። የራሷን ቪዮላ ድምፅ ስላልወደደችው፣ ከ30 ዓመቷ በኋላ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤቷ ሆና ሌላ መሥራት ጀመረች። ሳኮኒም አስተምሯታል። በሕይወቷ በመቶዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎች ሠራች። የደረትና የጀርባ እንጨት ከመገጠሙ በፊት እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ለማየት ያደረገችው ምርምር ዛሬ ብዙ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ነው። በ2009 በ98 ዓመቷ ነው ያረፈችው። ጊዜ አለኝ፣ እትዬ።

አክስት፦ እሺ። እንግዲያው ሂጂና ተቀጠሪ። ክፍልሽ ያው ክፍልሽ ነው፤ ገንዘቡም ባንክ ይቀመጥ። ዝም ብሎ ሱቅ መክፈት ስህተት እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር አለብኝ። የጎረቤታችን ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ ነበር፤ እሱም ቫዮሊን ሠሪ እሆናለሁ እያለ ነው። ምን ልበለው?

ልጅት፦ አናጺ ቤት ገብቶ መሮና መላጊያ መሳል ይማር ይበሉት። ስለቱ ፀጉር የማይላጭ ከሆነ ስፕሩስን ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ እኛም ትምህርት ቤት የጀመርነው በመሳል ነው። ማሲንቆና ክራር የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ሄዶ ቁጭ ይበል፤ ቆዳ፣ የፈረስ ጭራና እንጨት አንድ ላይ ሆነው ድምፅ ሲሰጡ ከእነሱ በተሻለ የሚያሳየው የለም። ቫዮሊን መቃኘትና አንድ ሁለት ዜማ መጫወት ይልመድ፤ መጫወት የማይችል ሠሪ የሙዚቀኛውን ቅሬታ አይረዳም። ጣሊያንኛ ከወዲሁ ይጀምር፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በጣሊያንኛ ነው። የስትራዲቫሪ ምስጢር ተገኘ የሚል ቪዲዮ እየተከታተለ ጊዜ አያባክን። ከመጣ በኋላም የመጨረሻውን ዓመት እስኪጨርስ አይጠብቅ፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ጥገና ቤቶችን እየዞረ ወለል መጥረግም ቢሆን ሥራ ይጠይቅ።